በ6 ሚሊሜትር የሚቀባው ሻለቃ ነው፦ የናፖሊዮን ዘመን ድንክ ሠራዊት አቀባብና አቋቋም

ይህ ጽሑፍ የናፖሊዮንን ዘመን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ለመጫወት ስለሚቀቡ ትናንሽ የብረት ወታደሮች ነው። በ1/300 መጠን፣ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ ያንሳል። ፊቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የኮቱ ቁልፍ ከብሩሽ ጫፍ ያነሰ ነው። የ28 ሚሊሜትር ወታደር መቀባት የለመደ ሰው ወደዚህ መጠን ሲመጣ ያንኑ ዝርዝር ሁሉ አሳንሶ ለመድገም ይሞክራል። ከብዙ ድካም በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ግን ምንነቱ የማይለይ፣ የጠቆረ ክምር ነው። በዚህ መጠን ዓይን አንድን ወታደር ነጥሎ አያይም። የሚያየው ሰልፉን፣ የቆቦቹን መስመር፣ የነጭ ቀበቶውን ድግግሞሽና ከመሃል ብቅ ያለውን ባንዲራ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀባው ሻለቃው፣ ማለትም በአንድ የተሰለፈው ጦር በሙሉ፣ ነው፤ እያንዳንዱ የብሩሽ ምት ከአንድ ሜትር ርቀት ይታይ እንደሆነ ታስቦ ይሰነዘራል።

ከቀለም በፊት ስሌት

መጀመሪያ መቆሚያው ይወሰን። መቆሚያ የምለው ወታደሮቹ ተለጥፈው የሚቆሙበትን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ብዙ ተጫዋቾች የሚመርጡት 60 በ30 ሚሊሜትር ሲሆን እኔም የምመክረው እሱኑ ነው፤ ምክንያቱም ከዘመኑ የውጊያ አሰላለፍ ጋር በትክክል ይገጥማል። 600 ሰው ያለው ሻለቃ በሦስት ረድፍ ሲሰለፍ፣ በአንዱ ረድፍ 200 ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ለአንድ ሰው 60 ሴንቲሜትር ገደማ ብንሰጥ የሰልፉ ስፋት 120 ሜትር ይሆናል። ይህ በ60 ሚሊሜትር ከተወከለ፣ ጠረጴዛው ላይ 1 ሚሊሜትር 2 ሜትር ማለት ነው። ጠመንጃ ፍሬ የሚሰጥበት 100 ሜትር 50 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አንድ ኪሎሜትር ደግሞ ግማሽ ሜትር። ናፖሊዮን የተሸነፈበት፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎሜትር የሚሰፋው የዋተርሉ ግንባር በ2.5 ሜትር ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ይህን መጠን ከሌሎቹ አብልጬ የምወድበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፦ አንድን የዋተርሉ እርሻ ቤት ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የጦር ሜዳ አንድ ላይ ማየት ይቻላል።

በዚህ መቆሚያ ላይ 24 እግረኛ በሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 12 ሆነው ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዱ 5 ሚሊሜትር ይደርሰዋል። 24 ወታደር 600 ሰው ከወከለ አንዱ ወታደር 25 ሰው ነው። ሰኔ 1815 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዋተርሉ ላይ የነበረው የናፖሊዮን እግረኛ 50,000 ገደማ ነበር፤ ይህም 2,000 ወታደር፣ ማለትም ከ80 በላይ መቆሚያ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከዚህ ቁጥር እንዳይሸሽ! 12 ሻለቃ ያለው አንድ ክፍለ ጦር 288 ወታደር ብቻ ነው፤ እሱን ይዞ ጥሩ ጨዋታ መጫወት ይቻላል።

በአንድ ነገር ግን ስሌቱ አይገጥምም። የመቆሚያው ጥልቀት 30 ሚሊሜትር፣ ማለትም 60 ሜትር ነው፤ እውነተኛው የሦስት ረድፍ ሰልፍ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ወታደሮቹን መቆሚያው መሃል ላይ ከማራራቅ ሁለቱን ረድፍ አቀራርቦ ወደ ፊት ማስጠጋት ይሻላል። ከፊት ጠርዝ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይተው። ሳንጃ ከጠርዙ ካለፈ ሁለት መቆሚያዎች ሲጋጠሙ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው።

ማጽዳትና በዘንግ ላይ መደርደር

በዚህ መጠን እግረኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው አራት አራት ሆኖ፣ በአንድ ግርጌ ተያይዞ ነው፤ ባከስ የተባለው አምራች ሥራዎች እንዲህ ናቸው፣ የአንዱ ድርድር ርዝመትም 20 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሌላው አምራች አድለር ደግሞ ወታደሮቹን ነጠላ ነጠላ፣ ራሳቸውን ገዘፍ አድርጎ ያወጣቸዋል። ነጠላዎቹ ለመቀባት ይመቻሉ፣ ለማቆም ግን ጊዜ ይወስዳሉ። ሁለቱን በአንድ መቆሚያ ላይ ባታቀላቅሉ ጥሩ ነው፤ በተለያየ መቆሚያ ላይ ሲሆኑ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ዓይን አይወጋም።

ቅርጾቹ ከሞልድ ሲወጡ በጠመንጃና በእጅ መካከል ቀጭን ትርፍ ብረት ይቀራል፤ ግርጌያቸውም ጎርባጣ ሊሆን ይችላል። ትርፉን በስል ምላጭ፣ ግርጌውን በሞረድ ማስተካከል ነው። ግርጌው ካልተስተካከለ ድርድሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ስድስት ድርድር ሲሰለፍ ደግሞ ያ ትንሽ ዘንበል ማለት ሰልፉን በሙሉ ያበላሸዋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠቡ። ከሞልዱ የቀረ ዱቄትና ቅባት ካልታጠበ ቀለሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ከሳንጃና ከቆብ ጫፍ ላይ እየተቀረፈ ይወድቃል። በተለይ የቆዩት ቅርጾች እርሳስ አላቸው፤ ሲሞረዱ አፍንጫን መሸፈን፣ ሲጨርሱም እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።

ለመቀባት፣ ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን ዓይነት 150 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ የእንጨት ዘንግ ውሰዱ። ስድስት ድርድር፣ በመካከላቸው 5 ሚሊሜትር እየተተወ፣ ልክ ይገባበታል። አንድ ዘንግ አንድ ሻለቃ ሆነ ማለት ነው። ለማጣበቂያ ጥቂት ጠብታ ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል፤ በኋላ በቢላዋ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ሱፐር ግሉ እዚህ አይግባ፤ ድርድሩ ሲነቀል ግርጌው ይጣመማል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል።

ወታደሮቹን አስቀድሞ መቆሚያው ላይ ለጥፎ መቀባት ሥራ የሚያሳጥር ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ጋር ከተጠጋ በኋላ የፊተኛውን ረድፍ ጀርባ ብሩሽ አይደርስበትም። ተጫዋች ጨዋታውን በሙሉ የሚያየው የራሱን ሠራዊት ጀርባ መሆኑም አይዘንጋ። የጀርባ ቦርሳውና በላዩ የተጠቀለለው ካፖርት ከደረት ሥራ እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል።

ጥቁር፣ ነጭ ወይስ ሁለቱም

ስለ ፕራይመር፣ ማለትም ከሌላው ቀለም በፊት ስለሚቀባው የመጀመሪያ ንብር፣ ክርክሩ ብዙ ነው። ጥቁር ፕራይመር ብሩሽ ያልደረሰበትን ቦታ ሁሉ ጥላ ያደርገዋል፤ በእጅና በደረት መካከል፣ ከቀበቶ ሥር የሚቀረው ጥቁር መስመር ቀለሞቹን ለያይቶ ያሳያል። ጉዳቱ፣ በላዩ የሚቀባው ሁሉ መደብዘዙ ነው፤ ቀይና ቢጫ ደግሞ ይብሱታል። ነጭ ፕራይመር ቀለሙን ያፈካል፣ ግን አንድ ነጥብ ከተረሳ ከሩቅ ይጮኻል።

ለዚህ መጠን የምመርጠው ከጥቁር ተነስቶ ወደ ላይ መሄድን ነው። ሙሉውን በጥቁር ከነፉ በኋላ ሲደርቅ፣ ቀለሙ በጨርቅ ላይ በደንብ በተጠረገ ሰፊ ብሩሽ ፈዛዛ ግራጫን ከላይ ወደ ታች ማሻሸት ነው። ብሩሹ ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል፤ ቆብ፣ ትከሻ፣ ቦርሳ፣ ጠመንጃ፣ አፍንጫ ሳይቀር በግልጽ ይወጣል። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ምን የት እንዳለ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቀለምም በላይኛው ክፍል ላይ ራሱ ይፈካል።

በቆርቆሮ የሚነፋ ፕራይመር ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በአጫጭር ንፊት፣ ዘንጉን እያዞሩ ይሁን። ከዚያ ከራቀ፣ በተለይ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ፣ ቀለሙ ሳይደርስ አየር ላይ ደርቆ እንደ ብናኝ ያርፋል። ላዩ ሻካራ ይሆንና 6 ሚሊሜትር ወታደር ላይ ፊቱን ያጠፋዋል። በጣም ከቀረበ ደግሞ ይጠራቀምና ጎድጓዳውን ሁሉ ይደፍናል።

ቀለም ከእውነተኛው ይፍካ

ትንሽ ነገር ከትልቁ ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። የፈረንሳይ እግረኛ ኮት እውነተኛው ቀለም ጥልቅ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ያንኑ ቀለም 6 ሚሊሜትር ወታደር ላይ ብትቀቡ ከጥቁር አይለይም። መካከለኛ ሰማያዊ፣ በመጽሐፍ ምስል ላይ "ይህማ በዛ" የሚያሰኘው፣ እዚህ ልክ ነው። የሩሲያ ጥቁር አረንጓዴም እንዲሁ ሁለት ደረጃ ይፍካ። የፕሩሲያ ሰማያዊ ከፈረንሳይ እንዲለይ ትንሽ ወደ ጥልቁ ይተው፤ ሱሪው ግራጫ፣ ቆቡም በጥቁር ሽፋን የተሸፈነ ስለሆነ ሠራዊቱ በአጠቃላይ ጨለም ብሎ መታየቱ ከታሪኩም ጋር ይስማማል።

ነጭ ተቃራኒው ችግር አለበት። የኦስትሪያን ነጭ ኮት በንጹህ ነጭ ከቀባችሁት ቅርጹ ይጠፋና ጠፍጣፋ ይሆናል። መጀመሪያ ሙሉውን በመካከለኛ ግራጫ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ክንድና ደረት ላይ ብቻ በክሬም ነጭ፣ ንጹሁ ነጭ ደግሞ ለመስቀለኛ ቀበቶው ብቻ ይቀመጥ። የሀንጋሪ ሬጅመንቶች (ሬጅመንት የሻለቃዎች ስብስብ ነው) ውሃ ሰማያዊ ጠባብ ሱሪ ስላላቸው ከጀርመኖቹ ነጭ ሱሪ በአንድ እይታ ይለያሉ፤ እንዲህ ያለ ከሩቅ የሚታይ ልዩነት በየሠራዊቱ ፈልጉ።

ብሩሽን በተመለከተ፣ በጣም ትንሹን ቁጥር መግዛት አያዋጣም። 000 ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ከጠርሙሱ እስከ ወታደሩ ሳይደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ቁጥር 1 ወይም 0፣ ጫፉ በደንብ የሚሾል የተፈጥሮ ፀጉር ብሩሽ ቀለም ይይዛል፣ ጫፉም ነጥብ ያህል ነው። ቀለሙ በውሃ ቀጥኖ በራሱ እንዲወርድ ይሁን፤ ግን በቆብ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት የሚፈስ እስኪሆን አይቅጠን።

የፈረንሳይን እግረኛ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከሚያበላሸው ወደማያበላሸው ይሄዳል። መጀመሪያ ኮቱ በመካከለኛ ሰማያዊ፤ ስድስቱም ድርድር፣ ፊትና ጀርባ። ከዚያ ሱሪው በክሬም ነጭ፣ ከጉልበት በታች ያለው ጥቁር ገምባሌ ግን ከፕራይመሩ ይተው። የደረቱ ነጭ እጥፋት ከአንገት ወደ ወገብ የሚወርድ አንድ ምት ነው። ቦርሳው ቡኒ፣ በላዩ የተጠቀለለው ካፖርት ፈዛዛ ግራጫ ወይም ቤዥ፤ ይህች አንዲት አግዳሚ ምት ከጀርባ ሲታይ ሻለቃውን ታነቃዋለች። ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ ቀይ፣ አንድ አንድ ነጥብ። ጠመንጃው ቡኒ፣ በላዩ ቀጭን የብር መስመር። ፊትና እጅ በፈዛዛ የቆዳ ቀለም፤ ዓይን አይሞከር፣ ከቆቡ ጫፍ ሥር የሚቀረው ጥቁር መስመር ዓይን ሆኖ ይታያል። በመጨረሻ ነጩ ቀበቶ፣ የቆቡ የፊት ሰሌዳ የወርቅ ነጥብና በላዩ ያለው ፖምፖም፣ ማለትም ትንሿ የሱፍ ኳስ። አንዱን ቀለም በሻለቃው ሁሉ ላይ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው እንጂ ወታደር በወታደር መጨረስ ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ ሻለቃውን ወጥ አያደርገውም።

ፖምፖሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ መጠን ውበት ከዚህ ይጀምራል። በየካቲት 1808 በወጣው ድንጋጌ የፈረንሳይ ሻለቃ ስድስት ሻምበል (ንዑስ ክፍል) ሆነ፦ አንድ ግሬናዲየር (ምርጥ እግረኛ)፣ አንድ ቮልቲዠር (ተበታትኖ የሚተኩስ ቀላል እግረኛ)፣ አራት ፊዚልየ (ተራ እግረኛ)። የእኛም ሻለቃ ስድስት ድርድር ነው። ግሬናዲየሮች በቀኝ ይቆማሉ፤ ቀይ ላባና ቀይ የትከሻ ዘርፍ አላቸው። ቮልቲዠሮች በግራ ናቸው፤ ቢጫ ኮሌታ፣ ቢጫና አረንጓዴ ላባ። የአራቱ ፊዚልየ ሻምበሎች ፖምፖም በተራ ጥቁር አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና ሐምራዊ ነው። ድርድሮቹን ለሁለት ቆርጦ ሁለቱን ወታደር ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ ማቆም ይቻላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ሻምበል ከቀኝ ወደ ግራ በትክክለኛ ቦታው ይሰለፋል። ቀለሙ በአንድ ቆብ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ሻለቃው ላይ ግን ከሩቅ የሚነበብ ቅደም ተከተል ይሆናል።

ዘመኑን መምረጥም ያስፈልጋል። ረጅሙ ሻኮ ቆብ የፈረንሳይ እግረኛ ላይ የመጣው ከ1806 ድንጋጌ በኋላ ነው፤ የ1805ቱ የአውስተርሊትዝ እግረኛ ጫፉ በሁለት ወገን የተቀለበሰ ቆብ ያደርግ ነበር። በ1812 የወጣው ደንብ ደግሞ ኮቱን አሳጥሮ የደረቱን እጥፋት እስከ ወገብ ዘጋው። የ1805ን ጦርነት በ1815 ልብስ መጫወት የሚያስቀጣ ነገር የለውም፤ ቢሆንም አንዱን ዘመን መርጦ በዚያ መጽናት ሠራዊቱን ወጥ ያደርገዋል።

እንግሊዞች ላይ ኮቱ ቀይ ነው፤ የሬጅመንቱ መለያ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ ላይ ነው፦ 28ኛው ቢጫ፣ 79ኛው አረንጓዴ፣ 33ኛው ቀይ። ሱሪው በዘመቻ ላይ ግራጫ ይሁን። 95ኛው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ለባሽ፣ ኮሌታው ጥቁር፣ ቀበቶውም ጥቁር ስለሆነ ነጭ ቀበቶ እንዳትስሉበት ተጠንቀቁ።

ዋሽ፣ ፈረስና መድፍ

ዋሽ የሚባለው በጣም ቀጭን፣ ወደ ጎድጓዳው የሚወርድ ቀለም ነው። ከጥቁር ፕራይመር ለተነሳ ሥራ በወታደሩ ፊት፣ በቦርሳና በጠመንጃ ላይ ብቻ ቡኒ ዋሽ ይበቃል። በነጭ ልብስ ላይ ሳይቀጥን ከፈሰሰ ቆሻሻ ያስመስለዋል፤ አንድ እጅ ዋሽ ለሁለት እጅ ማቅጠኛ ይሁን። ውሃ ብቻ ከተጨመረበት ጠርዙ ላይ እየደረቀ ቀለበት ስለሚሠራ ለዚሁ የተዘጋጀ ማቅጠኛ ይሻላል።

ፈረሶቹን ሁሉ በአንድ ቡኒ መቀባት ፈረሰኛውን ይገድለዋል። ከ9 ፈረስ አምስቱ ዳማ፣ ሁለቱ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ አንዱ ቡላ፣ አንዱ ጉራቻ ቢሆኑ ሰልፉ ሕይወት ያገኛል። ጥቁር ፕራይመር ላይ ፈረሱን በቡኒ ካሻሹ በኋላ ጋማ፣ ጅራትና እግር ጥቁር ሆኖ ይተው፤ ዳማ ፈረስ በራሱ ተሠራ። አንዳንዱ ላይ ግንባሩ ነጭ፣ አንድ ሁለት እግሩ ነጭ ይሁን። የፈረንሳይ መለከት ነፊዎች አምባላይ ፈረስ ይቀመጡ ስለነበር በየሬጅመንቱ አንድ አምባላይ አስገቡ። የስኮትላንድ ግራጫ ፈረሰኞች ግን ስማቸው እንደሚለው ሁሉም በግራጫና በነጭ ፈረስ ላይ ናቸው። እዚያም ቢሆን ሦስት የተለያየ ግራጫ ተጠቀሙ። ኩይራሲዬ በሚባሉት የብረት ደረት በለበሱ ፈረሰኞች ላይ ደረታቸው በብር ከተቀባ በኋላ ጥቁር ዋሽ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ብቻ አንድ የብር ነጥብ።

መድፍ ላይ የሠራዊቱ መለያ የጋሪው ቀለም ነው። የፈረንሳይ ወይራ አረንጓዴ፣ የእንግሊዝ ግራጫ፣ የፕሩሲያ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የኦስትሪያ ቢጫ ነው። የጋሪው ብረታ ብረት ጥቁር፣ አፈሙዙ የነሐስ ቀለም። በመንኮራኩሩ ራዲዮች መካከል ቀለም እንዳይደፍን ቀለሙን ማቅጠን ያስፈልጋል።

ባንዲራ

በ1/300 የባንዲራ ልክ ስሌት ብዙዎችን ያስደንቃል። ከ1804 ጀምሮ የፈረንሳይ ሬጅመንት ባንዲራ ጎኑ 80 ሴንቲሜትር ካሬ ነበር፤ በመጠኑ ሲቀነስ 2.7 ሚሊሜትር ብቻ። የእንግሊዝ ባንዲራ ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ገደማ። ትክክለኛው ልክ ከተያዘ የፈረንሳይ ባንዲራ ከሜትር ርቀት አይታይም። ስለዚህ ሆን ብሎ ማሳደግ ያስፈልጋል፦ የፈረንሳይ ከ5 እስከ 6፣ የእንግሊዝ ከ8 እስከ 9 ሚሊሜትር ይሁን። የመጠን ልዩነታቸው ይጠበቃል፣ ሁለቱም ግን ይነበባሉ።

ሌላም አለ። ከ1808 በኋላ በባንዲራው ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚቆመው ንስር ለሬጅመንቱ አንድ ብቻ ሆነ፤ የሚይዘውም የመጀመሪያው ሻለቃ ነበር። ሁለተኛው ሻለቃ ነጭ፣ ሦስተኛው ቀይ፣ አራተኛው ሰማያዊ ተራ ባንዲራ ይዘዋል። በየሻለቃው ንስር ማቆም የተለመደ ነው፤ ግን በነጠላ ቀለም ባንዲራ ሻለቃዎቹን መለየት ለጨዋታውም ይጠቅማል። እንግሊዞች በየሻለቃው ሁለት ባንዲራ ይይዛሉ፦ የንጉሡንና መደቡ በመለያ ቀለማቸው የሆነውን የሬጅመንቱን። 33ኛውን የመሰሉ መለያቸው ቀይ የሆነ ሬጅመንቶች ግን መደቡ ነጭ ሆኖ ቀይ መስቀል አለበት።

ከቅርጹ ጋር የመጣውን ምሰሶ ቆርጦ በ0.5 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ መተካት ይሻላል። በወታደሩ እጅ በኩል በዚያው ልክ የእጅ መሰርሰሪያ መብሳት ይቻላል። ባንዲራው በስስ ወረቀት ታትሞ፣ በነጭ ኮላ ተቀብቶ፣ በምሰሶው ዙሪያ ታጥፎ ይለጠፋል። ኮላው ገና እርጥብ ሳለ በወረንጦ ወይም በጥርስ መፋቂያ ሞገድ አስይዙት፤ ቀጥ ያለ ባንዲራ ወረቀት መሆኑን ይናገራል። በቀለም ነፊ ማተሚያ የታተመ ከሆነ ኮላው ሲነካው ቀለሙ ስለሚፈስ አስቀድሞ በስስ ቫርኒሽ ይታሸግ፤ የሌዘር ሕትመት ይህ ችግር የለበትም። ሲደርቅ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይታያል፤ በየአጠገቡ ባለው ቀለም ጠርዙን መንካት ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ሥራውን ግን የሚለይ ነገር ነው።

ቫርኒሽ ከሣር በፊት

ሳንጃና ቆብ በጣት የሚነኩ ቦታዎች ስለሆኑ ቀለማቸው ቶሎ ይለቃል። መጀመሪያ አንድ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ እሱም ይጠንክር፤ ከዚያ የማያብለጨልጭ። እርጥበት ባለበት ቀን የሚነፋ ቫርኒሽ ነጭ ጭጋግ ይሠራል፤ ጥቁር ቆብና ሰማያዊ ኮት ላይ ይብሳል። ያ ከሆነ ብዙ ጊዜ በላዩ በብሩሽ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ መቀባት ጭጋጉን ያጠፋዋል፤ ከዚያ በደረቅ ቀን እንደገና የማያብለጨልጨውን መንፋት ነው። ቫርኒሹ መቆሚያው ሣር ከመልበሱ በፊት ይጠናቀቅ። ሣር ላይ ከተነፋ ክሮቹን አጣብቆ ያስተኛቸዋል።

መቆሚያው የሥራው ግማሽ ነው

እውነቱን ለመናገር፣ መካከለኛ አቀባብ በጥሩ መቆሚያ ላይ፣ ጥሩ አቀባብ በመጥፎ መቆሚያ ላይ ካለው ይበልጣል። ከላይ ሲታይ ከወታደሩ ይልቅ መሬቱ ሰፊ ነውና።

ሰሌዳው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) ይሁን። ካርቶን በላዩ እርጥብ ኮላ ሲፈስ ወደ ላይ ይቆለመማል፤ ስስ ኤምዲኤፍም ትንሽ ይጣመማል። ከታችኛው ገጽም ቀለም መቀባት ሁለቱን ገጽ ያመዛዝናል። ድርድሮቹ በነጭ ኮላ ይለጠፉ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ጭስ በተቀባው ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል፤ ነጭ ኮላ ደግሞ ሐሳብ ብትቀይሩ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ድርድሩ የራሱ የብረት ግርጌ ስላለው ከሰሌዳው አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወታደሮቹ በደረጃ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ይህን ደረጃ መደልደል የመቆሚያ ሥራ ሁሉ መሠረት ነው። ሦስት እጅ በጣም ደቃቅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ነጭ ኮላ፣ አንድ እጅ ጥቁር ቡኒ ቀለም፣ ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ሲያዝ የማይፈስ፣ ሲጫኑት ግን የሚዘረጋ እስኪሆን ጥቂት ጠብታ ውሃ። በአሮጌ ብሩሽ ወይም በጥርስ መፋቂያ በረድፎቹ መካከልና ከግርጌው ጠርዝ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ተዳፋት እያደረጉ ይሞላል። ድብልቁ የወታደሩን እግር ከነካ ወዲያው በእርጥብ ብሩሽ ይጠረግ። ቀለሙ አብሮ ስለተቀላቀለ በኋላ አሸዋ ቢፈነገል ነጭ ጠባሳ አይወጣም።

የአሸዋው ደቃቅነት ላይ ግትር ሁኑ። 0.5 ሚሊሜትር ፍሬ በዚህ መጠን 15 ሴንቲሜትር ድንጋይ ነው፤ ለትልልቅ ቅርጾች የሚሸጠው አሸዋ እዚህ የድንጋይ ክምር ያስመስለዋል። በጥሩ ወንፊት ማሳለፍ ይጠቅማል።

ሙሉ ቀን ከደረቀ በኋላ በደረቅ ብሩሽ መካከለኛ ቡኒ፣ ቀጥሎ በጣም ቀለል አድርጎ ክሬም። የመሬቱ ቀለም ከልብሱ እንዲፈካ ይሁን፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ጥቁር ገምባሌ በጥቁር መሬት ላይ ይሰምጣሉ። ሠራዊቱን በሙሉ በአንድ የመሬት ቀለም መጨረስ ግዴታ ነው፤ የቀለሙን ስም በሰሌዳው ሥር ጻፉ፣ ከዓመት በኋላ ሻለቃ ስትጨምሩ ያስፈልጋል።

ሣርም ስሌት አለው። 2 ሚሊሜትር ክር 60 ሴንቲሜትር ሣር ነው፤ ከጉልበት ያልፋል። 4 ሚሊሜትሩ 1.2 ሜትር፣ ወታደሩን እስከ ደረቱ ይውጠዋል። 1 ሚሊሜትር ክር ወይም በቀለም የተነከረ ደቃቅ የስፖንጅ ብናኝ ይሻላል። በሁለት እጅ ኮላና አንድ እጅ ውሃ ድብልቅ ያልተስተካከሉ ቦታዎች ይቀቡ፤ ከመሬቱ ሲሶውን ባዶ ተዉት። ተረጭቶ አንድ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰሌዳው ተገልብጦ ከታች መታ መታ ይደረግ፤ ያልተጣበቀው ይራገፋል፣ የተጣበቀውም ቀጥ ይላል። ለሁለተኛ ጊዜ ትንሽ ቢጫ ያለበት ሣር በጥቂት ነጥቦች ላይ ቢጨመር መሬቱ ይነቃል። ዋተርሉን የሚሠራ ሰው ግን አንዳንድ መቆሚያ ላይ 4 ሚሊሜትሩን በቢጫ ቢጠቀም ልክ ነው፤ በዚያ ሰኔ ማሳው በረጅም አጃ የተሸፈነ ነበርና ብዙው በሠራዊቱ እግር ተረግጦ ተኝቷል።

ተበታትነው ለሚተኩሱት ቮልቲዠሮች ለብቻው 60 በ15 ሚሊሜትር መቆሚያ ይሠራ፤ በላዩ ስድስት ወይም ሰባት ወታደር፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በእኩል ርቀት ሳይሆን እንደ ነገሩ። እዚህ ቁጥቋጦና ድንጋይ ማስገባት ይቻላል፤ የሰልፍ ሻለቃ ላይ ግን አይመከርም፣ ሰልፉን ይሰብራልና።

በኋለኛው ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክፍል ያለ ሣር ይተው። እዚያ የሬጅመንቱና የሻለቃው ቁጥር በትንሽ ወረቀት ታትሞ ይለጠፋል፤ መደቡ የመሬቱን ቡኒ፣ ጽሑፉ ክሬም ቢሆን ከሩቅ አይታይም፣ ሲያነሱት ግን ይነበባል። የጎን ጠርዞቹ በዚያው ቡኒ ይቀቡ።

ለማስቀመጥ ከሰሌዳው ሥር ማግኔታማ ስስ ጎማ ለጥፎ በብረት ሣጥን ውስጥ ማኖር ነው። ጎማው ከሰሌዳው ጠርዝ በየጎኑ አንድ ሚሊሜትር ይነስ፤ ካለፈ መቆሚያዎቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ክፍተት ይፈጠራል። መቆሚያ ሲነሳም ሁልጊዜ ሁለቱን አጫጭር ጠርዞች በጣት ይዞ ነው፤ ከመሃል ለማንሳት የሞከረ እጅ የሚይዘው ባንዲራውን ነው።